በቅርጫቱ የቀረው ጫማ

ቶንካ ባለፈው ጥር ሞተች። የጀልባ ሠራተኞች ማኅበራችን በየዓመቱ በሚያወጣው መጽሐፍ ውስጥ የሞቱት አባላት ታሪክ ይገባል፤ ስለሷ የሚጽፍ ጠፍቶ ወደ እኔ መጡ። አብረሃት አሥራ ዘጠኝ በጋ ሠርተሃል፣ ከአንተ በላይ ማን ያውቃታል አሉኝ። እኔ ብዕር የምይዘው ለመፈረም ነው። እንቢ ለማለትም አፌ እሺ አላለኝም። እንግዲህ እንዳየሁት እጽፋለሁ።

ሺቤኒክ ወደብ ላይ ቶንካን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቃት በጫማው ነው። “ሰው ባሕር ላይ የረሳችው ቶንካ” የሚሏትም ነበሩ። እውነት ሰው ረስተን ነበር ወይስ አልረሳንም? ከረሳንስ የማን ጥፋት ነው? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይኸው ጥያቄ አብሯት አደረ። እኔም ጋ አደረ፤ እሱን ወደ ኋላ እጽፈዋለሁ።

“ጋሌብ” የባርባ ሎቭሬ የእንጨት ጀልባ ናት። ባርባ ማለት እኛ ጋ ባሕር ላይ ላረጀ ሰው የምንሰጠው ክብር ነው። ጠዋት እንግዶች እንጭናለን፣ በደሴቶቹ መሀል እንዞራለን፣ ቀትር ላይ ዓሣ በከሰል ጠብሰን ከወይን ጠጅ ጋር እናበላለን፣ ከዚያ ቲሃ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ቆመን ይዋኛሉ፣ አመሻሽ ላይ እንመለሳለን። ባርባ ሎቭሬ የጀልባዋን ወለል በየሚያዝያው በገዛ እጃቸው ይቀቡት ነበር። ስለዚህ ንጉሥም ቢመጣ በጫማ አይረግጣትም ይሉ ነበር። እንግዳው ሁሉ መሸጋገሪያው ሳንቃ ላይ ጫማውን ያወልቃል፣ ቶንካ ተቀብላ በትልቁ ቅርጫት ታስቀምጣለች።

ዓሣ መጥበሱም፣ ወለል ማጠቡም የሷ ሥራ ነበር። ግን የሚገርመኝ ጫማው ነው። ማታ ሰዉ ሲወርድ የማንንም ፊት አታይም፤ አንገቷን ደፍታ እግር እያየች ለእያንዳንዱ የራሱን ታቀብለዋለች። አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም። ባርባ ሎቭሬ አንድ ቀን፣ አንቺ እኮ ባልሽንም በፊቱ አታውቂውም አሏት።

“ፊቱን አይቼው ቢሆን መች አገባው ነበር፣ ባርባ” አለቻቸው። ባሏ ፍራኔ እዚያው ሳንቃው ላይ ቆሞ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው።

ቆጠራ ላይ ሥራችን የተከፈለ ነበር። ጠዋት የሚገባውን ሰው ቶንካ ትቆጥርና ቁጥሩን ለባርባ ሎቭሬ ትነግራለች። ቲሃ ላይ ዋኝተው በመሰላሉ ሲወጡ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ሰው ፊት ድምፄን ማሰማት ስለማፍር በከንፈሬ ብቻ ነበር የምቆጥረው።

አምስተኛው በጋችን ላይ፣ እኛ ጋ ሙቀቱ በሚበረታበት በነሐሴ፣ ጠዋት አርባ ሦስት ሰው ገባ። ቲሃ ስንደርስ ውሃው እንደ ዘይት ረግቶ ነበር፤ የመልሕቁ ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ቀለበት ድረስ ይታያል። ግማሹ ሰው ይዋኛል፣ ግማሹ መነጽር አድርጎ ወደ ታች ይጠልቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየን በስተደቡብ ሰማዩ ቢጫ ሆነ። ዩጎ ሊነሳ ነው። ያ ነፋስ ሲመጣ ማዕበሉ ከመታየቱ በፊት ባሕሩ ከሥር መክበድ ይጀምራል። ባርባ ሎቭሬ ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፉ። ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ መሰላሉ መጣ።

አሁን እስከ ዛሬ ለወደብ ሰው ያልነገርኩትን እጽፋለሁ። ሃያ ስድስት ላይ ስደርስ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ትጠይቀኛለች፣ ፎጣ ነው መሰለኝ። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ሰው ወደኛ ዞረ፣ ፊቴ ጋለ። ቀና ስል አራት ይሁኑ አምስት፣ ወይም ስድስት፣ እንጃ፣ አልፈውኛል። ተቀመጡልኝ፣ እንደገና ልቁጠር ማለት ብቻ ነበር። እሱን ለማለት አፈርኩ። ባርባ ሎቭሬ ከመሪው ሆነው፣

“ሞሉ?” አሉኝ።

“ሞልተዋል” አልኩ።

መሰላሉን በእጄ ሳብኩት። ስስበው ከወትሮው ከበደኝ። ውሃ ጠጥቶ ይሆናል። ከዚህ በላይ አልልም።

በመንገድ ዝናብ ያዘን፣ ሰዉ አስመለሰው። ወደቡ ላይ እንደደረስን እየተጋፉ ወረዱ፤ ቶንካ እግር እያየች ታድላለች። ሁሉም ሄደ። ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ጫማ ቀረ። ግራጫ የሸራ ጫማ፣ የወንድ፣ ትልቅ። በግራው ውስጥ ካልሲዎቹ ተጠቅልለው ገብተዋል።

ባርባ ሎቭሬ ቀለል አደረጉት፤ ወይኔን ጠጥቶ እግሩን ረስቶ የሄደ አንድ ሰው በየበጋው አይጠፋም አሉ። ቶንካ ጫማውን እንደያዘች ዝናቡ ላይ ቆመች።

“ሰው ባርኔጣ ይረሳል” አለች። “በዚህ በድንጋይ መንገድ ጫማውን አይረሳም። ካልሲውን እንዲህ አሳምሮ የጠቀለለ ሰው ደግሞ ምንም ነገር አይረሳም።”

ወደቡን ከዳር እስከ ዳር ሮጠች። ባዶ እግሩን የሄደ ሰው አይታችኋል ወይ እያለች ቡና ቤቱን ሁሉ ጠየቀች። ያየ የለም። ተመልሳ መጥታ የጀልባዋን ገመድ መፍታት ጀመረች። ባርባ ሎቭሬ በዚህ ነፋስ አብደሻል ወይ አሏት። እሷ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ እርስዎ ካልሄዱ እኔ በዋናም ቢሆን እሄዳለሁ አለች። ፊቷን አይተው ሞተሩን አስነሱ።

ቲሃ ስንደርስ ገና አልጨለመም። ማንም የለም። ባርባ ሎቭሬ ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፉ፤ ድምፁ ዐለቱን መትቶ ወደኛ ተመለሰ። ቶንካ መሰላሉን ወደ ውሃው አወረደችው። ቆየን። እንደገና ነፉ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ ሰው በሌለበት ባሕር ላይ ሰው ውጣ ተብሎ ሲነፋ እንደ መስማት ያለ ግን የለም።

ሁለት ቀን ጠላቂዎች ፈለጉ። በየሆቴሉ ተጠየቀ። ጠፋብኝ ያለ ሰው የለም፣ የተገኘም የለም። አጣሪዎች ወደ ማኅበሩ ቢሮ ጠርተውን ማነው የቆጠረው አሉ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

“እኔ ነኝ” አለች ቶንካ።

ጻፉት። የጠዋቱን ቆጠራ ማለቷ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንዲያ ማሰቡ ተመቸኝ።

ከዚያ በኋላ በየማታው፣ ሰው ሁሉ ጫማውን ተጫምቶ ሲሄድ ግራጫውን ጫማ አውጥታ ሳንቃው አጠገብ፣ አፉን ወደ ባሕሩ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ወለሉን አጥባ እስክትጨርስ እዚያ ይቆያል። ከዚያ ጨዉን በጨርቅ ጠርጋ ትመልሰዋለች። የዓሣ ሻጮቹ ሴቶች፣ ቶንካ፣ ሙሽራሽ ዛሬም ቀረ ወይ እያሉ ይለክፏታል።

“እግሩ ትልቅ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው” ትላለች። ትስቅ ነበር። ሲያልፉ ሳቋ ይጠፋል።

ክረምት ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ጫማውን ቤቷ ወስዳ በር ላይ ታደርገዋለች። ፍራኔ፣ ቤቴ ውስጥ የማይበላ የማይጠጣ ወንድ አለ፣ እኔ ግን ከሱ ቀጥሎ ነኝ ብሎ ያጫውተን ነበር። በኋላ በኋላ እሱም መቀለዱን ተወ። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ጫማውን ተራምጄ ማለፍ ይከብደኛል፣ በዙሪያው ነው የምሄደው ብሎኛል።

ቲሃ ላይ ደግሞ ልማድ አወጣች። እኔ ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ እሷ ደግማ ትቆጥራለች። ከዚያም መሰላሉ እንዳይነሳ ትይዘዋለች፤ ሰው አንድ ፖም በልቶ የሚጨርስበትን ያህል። ባርባ ሎቭሬ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን ፍጠኚ አላሏትም። ጀልባዋን የወረሰው ልጃቸውም አላላትም። በዚያ ጊዜ እሷ ባሕሩን አታይም፤ የመሰላሉን ደረጃዎች ነው የምታየው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሁሉን አድርቆ ሳለ፣ ከውሃው በላይ ያሉት ሁለት ደረጃዎች እርጥብ ሆኑ። ከታች ሆነው ወደ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በኋላ።

“ሺሜ፣ አየህ?” አለችኝ።

ማዕበል ነው አልኳት። በዚያን ቀን ማዕበል አልነበረም።

ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን እንደከፈትኩ። “ቶንካ” እላለሁ። “አቤት” ትላለች። ገመዱ አርጅቷል እላታለሁ። ስንት ደህና ገመድ እንዲያ እያልኩ አስጣልኩ።

ባለፈው መስከረም አልጋ ላይ ዋለች። በለስ ይዤ ጠየቅኋት። ጫማው በሩ ላይ ነበር፤ እኔም እንደ ፍራኔ በዙሪያው ዞሬ ገባሁ። ፍራኔ ወጥቶ ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና፣ እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም፣

“ቶንካ፣ የዚያን ቀን አልቆጠርኩም። ጠፋብኝ። ሞልተዋል ያልኩት አፍሬ ነው” አልኳት።

በለሱን ከሁለት ከፈለችና ግማሹን ሰጠችኝ።

“አንተ በከንፈርህ ነው የምትቆጥረው” አለች። “የዚያን ቀን ከንፈርህ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።”

በለሱ እጄ ላይ ቀረ።

“አይተሽ ነበር?”

“ከምድጃው አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። ዩጎው ደርሶብናል፣ ደክሞኛል፣ ቤቴ መግባት ፈልጌያለሁ። ደግመህ ቁጠር ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አላልኩም። እና ማነው የቆጠረው ሲሉ እኔ ነኝ ያልኩት አንተን ልሸፍን እንዳይመስልህ። አንተ ያልቆጠርከውን እኔም አልቆጠርኩትም።”

ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። አንተስ አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም በለሱን በላን። ስወጣ ከኋላዬ ጠራችኝ።

“ሺሜ። ስሞት ጫማውን እንዳትጥሉት። እንዳትቀብሩትም። ሰውየው ድንገት ደህና ሆኖ አንድ ቦታ ይኖር ይሆናል። ካልሆነም ደግሞ በባዶ እግሩ ነው ያለው።”

ፍራኔ ከቀብሩ ማግስት ጫማውን በዳቦ ከረጢት አድርጎ አመጣልኝ። ዘንድሮ ማታ ማታ ሳንቃው አጠገብ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ቲሃ ላይ አሁን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምቆጥረው። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዶቹ አብረውኝ ይቆጥራሉ፤ ፊቴ ይግላል፣ ቢሆንም እቆጥራለሁ። ስጨርስ መሰላሉን ይዤ እቆማለሁ። ደረጃዎቹን አያለሁ።

የማኅበሩ ሰዎች ይህ ለመጽሐፋችን ረዘመ ካሉ ደስ ያላቸውን ይቁረጡ። ዓሣውንም፣ ቀልዱንም ይቁረጡ። በዚያ ቀን መሰላሉ ላይ የመቁጠር ተራው የቶንካ ሳይሆን የሺሜ እንደነበረ ግን ይተዉልኝ።