ጀርባው ባዶ የሆነ ደብዳቤ

ሊይዙኝ የመጡት በጠዋት ነው። ቴፒ ላይ፣ ለቡና ሠራተኞች ከተሠሩት የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ሻይ ጥጄ ነበር። የቦት ጫማ ኮቴ ስሰማ ልብሴን አልፈለግኩም፤ ራስጌዬ የነበረውን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቼ የባለቤቴን ደብዳቤዎች እንዳሉ እሳቱ ውስጥ ከተትኳቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። በሩን ሲገፉት የመጨረሻው ገና እየነደደ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ወንጌላዊ ነኝ። የትውልድ አገሬ የጌጫ ምእመናን የቡና ሠራተኞቹን እንዳገለግል ልከውኝ፣ ባለቤቴን አገር ቤት ትቼ ቴፒ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ደብዳቤ የሚያመላልስልን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ባለቤቴ መጻፍ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ መንግሥት ባስተማራት ፊደል ለመንግሥት ጠላት ትጽፍ ነበር። ወሬዋን ሁሉ፣ ዝናቡን፣ እንሰቱን፣ ቀፎውን፣ በፊት ለፊቱ ገጽ ትጨርሳለች። ጀርባው የሰላምታ ነው። እገሌ ሰላም ብሎሃል፣ የእገሌ እናት ሰላም ብላሃለች፣ ስም በስም፣ ከላይ እስከ ታች። እኔም ስመልስ እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ደብዳቤ የሚነበበው ሰው ተሰብስቦ ስለሆነ ስሙ ያልተጠራ ሰው ይቀየማል። ሽማግሌ ከሆነማ ዓመቱን ሙሉ ያነሣዋል።

ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ የሚሰበሰቡት በአባቴ ቤት ነው። ይህን ጌጫ ያለ የኛ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቀበሌው ግን አያውቅም። በደብዳቤዎቹ ጀርባ ላይ ያለው ስም ሁሉ የዚያ ጉባኤ ሰው ነው፤ ያቃጠልኳቸው ለዚህ ነው።

ሚዛን ተፈሪ ወስደው ያስገቡኝ ቤት ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ጆንያውም ሽታውም እንዳለ ነው። አንዱ ጥግ ላይ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባ የቡና ፍሬ በእርጥበቱ በቅሎ ሁለት ቅጠል አውጥቷል፤ አሥራ ሰባት ሰው ስንሆን ማንም አልረገጠውም። አጠገቤ የሚተኛው ከሰሜን የመጣ መምህር ነበር። ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤ እኔን ደግሞ "ጴንጤው" እያለ ያበሽቀኛል።

"አንተስ ታድለሃል" ይለኝ ነበር። "ለምን እንደታሰርክ ታውቃለህ። ለኔ እስካሁን የነገረኝ የለም።"

መርማሪው አልመታኝም። በሁለተኛው ሳምንት አስጠርቶኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

"ሚስትህ በሕይወት መኖርህን እንኳ አታውቅም" አለኝ። "ጻፍላት፤ እናደርስልሃለን።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጓድ።"

"ዘመድ ወዳጁንም በየስሙ ሰላም በል። እኔም የገጠር ልጅ ነኝ፤ ደንቡን አውቃለሁ።"

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ ፊት ለፊቱን በአንድ ትንፋሽ ሞላሁና ወረቀቱን ገለበጥኩት። መምህሩ በክርኑ ተደግፎ ያየኛል።

"ጀርባው ላይ ምን ልትጽፍ ነው?"

"ሰላምታ ነዋ ጋሼ።"

"ለማን?"

"ለሁሉም።"

"ደግ። እነሱም በየቤቱ እየዞሩ ያደርሱልሃላ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። በሞኝነቴ አፈርኩ፤ አሥራ አንድ ደብዳቤ ያቃጠለ ሰው አሥራ ሁለተኛውን በገዛ እጁ ሊያስረክብ ነበር።

"በደፈናው 'ሁላችሁም' ብዬ ብጽፍስ?" አልኩት።

"ሁላችሁ እነማን ናችሁ ብሎ ነገ ይጠራሃላ።"

"እንግዲያስ ባዶውን እልካለሁ።"

"ወገኖችህ ምን ይላሉ?"

"ይቀየሙኛል።"

አባቴ ትዝ አለኝ። ሰባ ዓመት አልፎታል። ደብዳቤ ሲነበብ ከሁሉ በፊት ስሙን ሰምቶ ነው ጋቢውን አስተካክሎ የሚቀመጠው። እሱን ማስቀየም ከእስሩ ይልቅ ከበደኝ። ቢሆንም ፊት ለፊቱም ላይ ያነሣሁት ሰው ነበርና የጻፍኩትን ቀድጄ በሌላ ወረቀት ላይ "ደህና ነኝ። ሌላ የለም" ብዬ ጻፍኩ።

መርማሪው ወረቀቱን ገልብጦ አየው።

"ሰላምታውስ?"

"ሰላም የምለው ሰው የለኝም ጓድ።"

"አባት የለህም?"

"አለኝ።"

"እና?"

"ተጣልተናል።"

ወንጌላዊ ነኝ፤ እንደዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሽቼ አላውቅም። እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩበትም። እሱ ግን ፈገግ አለ።

"ግድ የለም። አንተ የተውከውን እሷ ትጽፈዋለች" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ሦስት ሳምንት ከእስሩ ሁሉ የከፋው ነው። የባለቤቴን እጅ አውቀዋለሁ። የጎረቤት ሕፃን እንኳ ሳይቀር ሰላም ሳታስብል ደብዳቤ ዘግታ አታውቅም።

መልሱ ሲመጣ መርማሪው እኔው ፊት ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበው። "ወረቀትህ ደርሶኛል። እኔም ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች። ሌላ የለም።" ገለበጠው። ጀርባው ነጭ ነው። ወደ መስኮቱ ይዞ በብርሃን አየው፤ እኔ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"

"ቂም የማንረሳ ሰዎች ነን ጓድ።"

"ውጣ።"

አልወጣሁም። እጄን ዘረጋሁ።

"ደብዳቤው የኔ ነው።"

ዘበኛው በሰደፍ ትከሻዬን መታኝና በጉልበቴ ወደቅኩ። ተነሥቼ ያንኑ እጄን እንደገና ዘረጋሁ። መርማሪው ወረቀቱን መሬት ላይ ጣለው። አንሥቼ አቧራውን አራገፍኩና ኪሴ ከተትኩት።

ክፍል ስደርስ መምህሩ ተቀብሎ፣ እንደ ደንቡ ሁሉም ተሰብስቦ እየሰማ አነበበው። ጨርሶ ባዶውን ጀርባ ለአሥራ ሰባታችንም አዙሮ አሳየ። ከዚያ ወዲያ "ጴንጤው" ብሎኝ አያውቅም።

የተፈታሁት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ጌጫ ስደርስ አባቴ ካረፈ አራተኛ ወሩ ነበር። መቃብሩ ላይ ቆሜ ያለቀስኩት ሞቶብኝ ብቻ አይደለም፤ ተቀይሞኝ የሞተ መስሎኝ ነው። ባለቤቴ አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ወረቀትህ የመጣ ቀን 'ጀርባውን አንብቢልኝ' አለኝ" አለች። "'አባባ፣ ባዶ ነው' አልኩት። ተቀብሎኝ ባዶውን ብዙ ሰዓት አየውና 'እኔን ሰላም ብሎኛል' አለ። 'አንቺም እንደዚሁ አድርገሽ መልሺለት' ያለኝ እሱ ነው። በእሑዱም እንደ ወትሮው እሱ ቤት ጸለይን።"

ደብዳቤው ዛሬም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ። ሰው ስም ሲጠይቀኝ ቶሎ አልሰጥም፤ አመል ሆኖብኛል። ይህንንም የጻፍኩት የማንንም ስም ሳልጠራ ነው። ባለቤቴ አንብባው "የአባባን እንኳ ጻፍ እንጂ፤ አሁን ማን ይነካዋል?" አለችኝ። አሰብኩበት። ከዚህ በታች ያለውን ባዶ ለእሱ ትቼለታለሁ።