በሎሚና በአመድ የማወለውላቸው ኒሻኖች

አባቴ የተዋጊ ጄት አብራሪ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው መርሳ ከተማ ከገባን ወዲህ፣ ለየጥምቀቱ ኒሻኖቻቸውን አልጋ ሥር ካለው ሳጥን አውጥቼ በሎሚና በአመድ የማወለውለው እኔ ነበርኩ። ሰፈርተኛው እስኪሰለቸው በእሳቸው ጉራዬን እነዛ ነበር።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ የደረሰ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ ሰማዩ አጓራ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያንጋጥጥ ደጅ ሲወጣ፣ አባቴ ክንዴን ጨምድደው አልጋ ሥር ይዘውኝ ገቡ። ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሰማሁ። እኔ ግን በገንኩ።

«ኧረ አባባ፣ አንቱን ምን ያስፈራዎታል? ሰላማዊ ሰው መሆናችንን አብራሪው ከላይ ያያል እኮ!» አልኳቸው።

«አያይም» አሉኝ።

የጄቱ ድምፅ ራቀ። ከዚያ ጎናችን ያለውን የኒሻን ሳጥን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣

«እኔም አይቼ አላውቅም» አሉ።