የጋሽ ሄራሞ አክስት የልጅ ልጆች

በዚህ በስደት የገበያ ሰፈራችን፣ ጀፕ ላይ፣ ሻንጣ የገዛችሁ፣ ሻንጣ የተሸከማችሁ፣ ወይም ሰላም ልትሉ ጎራ ብላችሁ «ማን ልኮህ ነው?» ተብላችሁ የተገላመጣችሁ ሁሉ፤ ጋሽ ሄራሞ አርፈዋል። በዚህ ወር መጀመሪያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሱቃቸው የብረት መዝጊያ ሳይነሣ ረፈደ። ሠራተኛቸው ደጋግሞ ቢደውል ስልካቸው አይነሣም። ዱርንፎንቴን ሰፈር ያለው መኖሪያቸው ድረስ ሄደን በሩን አስከፈትን። ጫማቸውን እንዳደረጉ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው አገኘናቸው። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ። እኛ ግን የጀፕ ሰዎች ነንና መጀመሪያ ያየነው መስኮቱን፣ ቀጥሎ የበሩን ቁልፍ፣ ከዚያ እርስ በርሳችንን ነበር። እኔ በበኩሌ ሐኪሙን ያመንኩት በማግስቱ ነው። እሳቸውም ቢሆኑ ወዲያው አያምኑትም ነበር።

አስካለ እባላለሁ። ከሳቸው ሱቅ አጠገብ ብርድ ልብስና መጋረጃ አከፋፍላለሁ። አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶን ብዙ ዓመት ኖረናልና ስለሳቸው ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። በአስከሬናቸው ሽኝት ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው መልካም ነው፤ ደግ፣ ታታሪ፣ አገር ወዳድ ይላል። ተጠራጣሪ እንደነበሩ ግን አንድም ቦታ አይናገርም። ጋሽ ሄራሞን ያለ ጥርጣሬያቸው ማስታወስ ሽሮን ያለ ጨው ማቅረብ ነው፤ ስለዚህ ጨዉን እኔ ልጨምር።

ሻንጣ ሻጭ ሆነው ሻንጣን አያምኑም ነበር። ደንበኛ መርጦ፣ ከፍሎ ሊወጣ ሲል «ቆይ!» ይሉና ዚፑን ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ። ሠራተኛ ከገዢ ጋር ተስማምቶ ሻንጣ ውስጥ ዕቃ ሸጉጦ የሚያስወጣበት ዘዴ አለ። ዘዴውን መጀመሪያ የነቁበት እሳቸው ናቸው፤ ክፉ አፎች ግን ለሌቦቹም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው ይላሉ። «ሻንጣ የሌባ ሆድ ነው» የምትል አባባል ነበረቻቸው። ደንበኛ በአገሩ ቋንቋ «ሳውቦና ባባ» ብሎ ሰላም ሲላቸው በአፋቸው «ዬቦ» ብለው ይመልሱና በዓይናቸው እጁን ይፈትሻሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ መንገዱን ተሻግረው፣ ከታክሲዎቹ ጀርባ ቆመው የገዛ ሱቃቸውን ይሰልላሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለሳቸው የሥራ መመሪያ ነበር።

ለዚህም ነው ቃላቸው ጀፕ ላይ የከበረው። እንዲህ ማንንም የማያምን ሰው «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» ካለ ሌላው ምን ይላል? እኛ የድሮዎቹ ሰው የምንቀጥረው በዋስ ነው። «የማን ልጅ ነህ? ማን ያውቅሃል?» ብለን እንጠይቃለን፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለንም። እንደኛ ከሆነ የማይታወቅ ሰው ቢራብም የሚራበው ሌላ ቦታ ሄዶ ነው።

ልጄ ናታን ይህን አይወድም። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሱቁን አብሮኝ ይሠራል። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ሻጭ ሲያስፈልገን ሳያማክረኝ በስልኩ ማስታወቂያ አወጣ። በነጋታው ጠረጴዛዬ በወረቀት ተሞላ። ጋሽ ሄራሞ ገቡና አንዱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አነሡት።

«ይኼ ምንድነው?»

«ሲቪ ነው ጋሼ። የት እንደሠራች፣ ምን እንደምትችል ይናገራል።»

«ማን ጻፈው?»

«ራሷ ናታ።»

«ስለ ራሷ፣ ራሷ!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለ፣ ልጅሽ ሌባውን ሌባ ነህ ወይ ብሎ ሊጠይቀው ነው።»

ናታን እንደኔ ነው፤ አንዴ ከተነካ አይመለስም። «እሺ ጋሼ፣ በዋስ ያስገባችሁት ሰው ደሞዝ ጨምሩልኝ ማለት ይችላል? አይችልም፣ ዋሱን ማሳፈር ይሆንበታል። የተሻለ ጆብ ቢያገኝ መልቀቅ ይችላል? አይችልም። ኢትስ ኖት ፌር! እናንተ እኮ የምትቀጥሩት ሠራተኛ አይደለም፣ ምርኮኛ ነው።»

«በወረቀት የመጣ በወረቀት ይሄዳል» አሉት ጋሽ ሄራሞ። ሲወጡ ግን ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አየሁ። ተናደዋል ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ምሕረትን ይዘው መጡ። ቀጭን፣ አንገቷን የምትደፋ፣ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣች ልጅ ናት። «የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት፤ አውቃታለሁ» አሉኝ። እኔም የናታንን ወረቀቶች ጠቅልዬ ቀጠርኳት። ናታን ለሳምንት አኮረፈኝ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሄራሞ ጠዋት ጠዋት እየመጡ በራፌ ላይ ካለው የብርድ ልብስ እስር ላይ ይቀመጡ ጀመር። «ልጅቱ ገባች?» ይላሉ። «ለደንበኛ በደንብ ትመልሳለች?» ይላሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ። እኔም ምኔ ሞኝ ነው፣ ጠረጠርኳቸው። ዋጋዬን ሊሰሙ፣ ደንበኛዬን ሊነጥቁ ነው ብዬ እሳቸው ሲመጡ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። አንድ ጊዜ ምሕረት ታማ ስትቀር ጀፕስታውን ሰፈር የተከራየችው ክፍል ድረስ ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው ሄዱ።

«ምን አስቸገረዎት ጋሼ?» ብላቸው፣

«እውነት መታመሟን ላጣራ ነዋ!» አሉኝ ቆጣ ብለው። ሾርባው ምን እንደሚያጣራ አልነገሩኝም።

እንግዲህ ወደ ለቅሶው ልምጣ። ወንድማቸው አቶ ማቴዎስ ከደርባን መጥተው ተቀምጠዋል። ምሕረት ከሁሉም አብልጣ ታለቅሳለች፤ ደረቷን ስትደቃ እጇን ይዘን ነው ያስቀመጥናት። አቶ ማቴዎስ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይህች ልጅ ማን ናት?» አሉኝ።

«እንዴ! የአክስታችሁ የልጅ ልጅ ናት እንጂ።»

«የየትኛዋ አክስታችን?»

ግራ ገባኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ? እሳቸው ናቸው ያሉኝ።»

«እናታችን አንዲት እህት ነበረቻት» አሉ አቶ ማቴዎስ ቀስ ብለው። «እሷም ሳትወልድ ነው የሞተችው። አባታችን ደግሞ እህት የለውም።»

ከጎናችን የተቀመጠው የጫማ አከፋፋዩ ኑሪ ጆሮው ቆመ። «እኔ ጋ ያለውስ ልጅ? እሱም የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው ብለውኝ እኮ ነው የቀጠርኩት!» ከበስተኋላ አንዲት ሴት የሷም ሻጭ በዚያችው አክስት በኩል እንደመጣች ተናገረች። ሌላው ደግሞ «የኔን ተሸካሚ፣ ማላዊውን፣ በሩቅ ይዛመደኛል ብለውኛል፤ ያኔም ትንሽ ገርሞኝ ነበር» አለ። ልጅ ያልወለደች ሴት ጀፕን በዘር ማንዘሯ ሞልታዋለች!

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል። እኛ ግን የሚታመኑትን ሰው ከሞቱ በኋላ መጠርጠር ጀመርን። ኑሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ከልጆቹ የሚቀበሉት ነገር ይኖር ይሆን? ደላላ ነበሩ እንዴ?» አለኝ። አፍህን ያዝ አልኩት፤ ግን እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር። እንባዬ ደረቀ። የሱቄ ቁልፍ ያለው ዘሯን በማላውቃት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ነው። ነገ አሰናብታታለሁ ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ።

ጠዋት ናታን ባለበት አስቀመጥኳት። «ለጋሽ ሄራሞ ምን ከፍለሽ ነው?»

«ኧረ በማርያም እትዬ! ምንም!»

«ታዲያ ማን ናቸው ላንቺ?»

አለቀሰችና ነገረችኝ። ሥራ ፍለጋ ሱቃቸው ገብታ ኖሯል። «ማን ላከሽ?» ሲሏት «ማንም»፣ «ማን ያውቅሻል?» ሲሏት «እዚህ አገር ማንም» ብላለች። ሂጂ ይሉኛል ብላ ስትጠብቅ ሻንጣዎቹን ደርድሪ ብለዋት ወጡ። ቀኑን ሙሉ ከማዶ ቆመው ሲያይዋት ዋሉ። ማምሻውን መጥተው «እኔ አላውቅሽም። ነገ ግን አውቃታለሁ ልል ነው። እንግዲህ አታስዋሺኝ» አሏት።

«በየጠዋቱ የሚመጡት እኔን ሊያዩ ነበር እትዬ» አለችኝ። «እርስዎ ዋጋ ሊሰሙ ነው ብለው ሲያንሾካሹኩ ሳቄ ይመጣ ነበር።»

ንዴቴ ባሰ። «የዋሸኝ ሰው ያመጣትን ልጅ እንዴት አድርጌ ላምን?» አልኩ ለናታን።

«ማሚ፣ ሁለት ዓመት አብራሽ ሠርታለች። ሪፈረንሷ፣ ምስክሯ፣ አንቺ ነሽ እኮ! ደግሞ እኔን አልዋሹኝም። እኔ የማን ልጅ ናት ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የጠየቅሽው አንቺ ነሽ።»

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ልክ ነው። አክስት ካልተጠራልን በራችንን አንከፍትም ነበር፤ ስለዚህ አክስት አመጡልን። ናታንም ቢሆን ሁሉ ገብቶታል ማለቴ አይደለም። እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ጣሪያው ላይ ካሜራ ሰቅሎ፣ ሠራተኛው ሲታመም መልእክት ይልካል። ካሜራው እውነት ታሞ እንደሆነ ሄዶ አያጣራም። ይህን ብነግረው «እሺ ማሚ» አለኝ። እሺ ሲለኝ ሁልጊዜ እጠረጥረዋለሁ።

እኛ ስንጨቃጨቅ ምሕረት እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ዋስ የለኝም፤ የማሳፍረውም ሰው የለም። ስለዚህ ልናገር። ከቀጠልኩ ደሞዜ ይጨመርልኝ። እሳቸው ቢኖሩ ይህ ቃል በሕይወቴ ከአፌ አይወጣም ነበር። አይሆንም ካሉም ቁልፉ ይኸው።»

ናታን ሳቁ አመለጠው። እኔ ግን «ጉድ! ሰውየው ገና ሳይሸኙ!» አልኩ። ያሰበችበት፣ የመከረችበት መሰለኝ። ዓይኗን አየሁ፤ አልሰበረችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቷን ስትደፋ የኖረች ልጅ ቀና ብላ ቆማለች፤ ቦርሳዋን ግን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

ናታንን ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው እዚህ የመጣሁት፤ አባቱ ጥሎን ከሄደ በኋላ። ያኔ ይህ ሱቅ የአንድ ሽማግሌ መጋረጃ ነጋዴ ነበር። ሆዴን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ «ማን ያውቅሻል?» አሉኝ። ማንም አልኩ። በሩን አሳዩኝ። በማግስቱ መንገድ ላይ አስጠርተው «ግቢ፣ የሚያውቅሽ ሰው አለ» አሉኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ስሕተት ነው ብለው የሚመልሱኝ እየመሰለኝ ፈራሁ፤ እንደፈራሁም ሽማግሌው አገር ቤት ገቡ፣ እዚያው ሞቱ። ይህ ታሪክ ለናታን እንኳ ተነግሮት አያውቅም፤ አሁን ከናንተ ጋር ያነብበዋል።

ጋሽ ሄራሞ፣ ምሕረት ሥራዋ ላይ ናት። ደሞዟ ተጨምሯል፤ የጠየቀችውን ያህል ግን አይደለም፣ ያን ያህል አልሞኝም። ናታን ውል ጽፎ ሦስታችንም ፈርመናል። የኑሪም ልጅ አልተባረረም። ማላዊውም አለ። አሁን እዚህ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ የማን ዘመድ እንደሆነ ይጠራጠራል፤ ቢያዩን ደስ ይልዎት ነበር።

እኔም አንድ ነገር ጠርጥሬ ተኝቼ አላውቅም። ያን ጊዜ፣ ነፍሰ ጡር ሆኜ መጋረጃ ስተኩስ፣ ጠዋት ጠዋት በራፉ ላይ ተቀምጦ የሚገላምጠኝ አንድ ወጣት ሻንጣ ሻጭ ነበር። አለቃዬን ሊሰልል ነው የሚመጣው እል ነበር። ጋሼ፣ ለሽማግሌው ምን ብለዋቸው ነው? የማን ልጅ አደረጉኝ? ወንድምዎን ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት፤ የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ያሉበት ቦታ ሌባ የለበትም ይባላል፤ እርስዎ ግን ሳያጣሩ አይቀመጡም። አጣርተው ሲጨርሱ ይረፉ። ለአክስታችንም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።