ሸክላ ሠሪዋና አብሪዋ ትል

በጃንሆይ ጊዜ ወረታ ላይ ሳይንስ አስተምር ነበር። የተከራየሁት ከከተማው ዳር፣ የአንዲት በዕድሜ የገፉ ሸክላ ሠሪ ግቢ ነበር። መስከረም ላይ የፎገራ ሜዳ ውኃው ገና ሳይጎድል፣ ሲመሻሽ ከሣሩ ሥር አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጡ ትሎች ይታያሉ።

ለተማሪዎቼ ቅጠል በል ናቸው ብዬ አስተምሬ ነበር። ለማሳየት አንዷን ይዤ እርጥብ አፈር ባለበት ማሰሮ አኖርኋት። ሣር ብሰጣት፣ ቅጠል ብሰጣት አልነካ አለች። በአራተኛው ቀን ብርሃኗ ደከመ።

የቤቱ ባለቤት ማሰሮውን አይተው፣ “በረሃብ ልትገድላት ነው፣ ልጄ። ይቺ እኮ ሥጋ በል ናት፤ ጭቃ ስቆፍር ቀንድ አውጣ ላይ ተጣብቃ አያታለሁ” አሉኝ።

ከቦዩ አንድ ቀንድ አውጣ አምጥቼ ጨመርሁላት። ትሏ ወጣችበትና ራሱን ደጋግማ ነከሰችው። ቀንድ አውጣው ቀስ በቀስ ደነዘዘ፤ ሥጋው እየሟሟ ሄደ፤ እሷም መጠጠችው። በማግሥቱ የቀረው ባዶ ቅርፊት ነው።

ክፍል መጥተው ለልጆቹ እንዲነግሩልኝ ለመንኋቸው።

“ተው። ሸክላ ሠሪ ልጆቻችንን ምን ታስተምራለች ይላሉ” አሉ።

ያን ጊዜ አፈርሁ። ጎረቤቱ እንስራቸውን እየገዛ ደጃቸውን እንደማይረግጥ፣ ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስኖር ልብ አላልሁም ነበር።

ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። በሳምንቱ ግን ከገበያ ሲመለሱ ራሳቸው ወደ ክፍል ገቡ። ፊት የተቀመጡት ልጆች ወደኋላ ሸሸት አሉ። እሳቸው እንዳላዩ ሆነው ስለ ትሏ መናገር ጀመሩ። ሴቷ አድጋም ክንፍ አታወጣም አሉ፤ ሣር ላይ ወጥታ ታበራለች፤ ክንፍ ያለው ወንዱ ብርሃኗን አይቶ ይመጣል። ይኼን እኔም አላውቅም ነበር።

አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ “ማን ነገረዎት?” አለቻቸው።

“ማንም። አፈር ይዤ ስመለስ ይመሽብኛል፤ ቁጭ ብዬ አያለሁ።”

ሲወጡ እኔ ያስተማርሁት ስሕተት እንደነበር ለልጆቹ ነገርኋቸው።

በማግሥቱ ሁለት የተማሪ አባቶች ለዲሬክተሩ አቤት አሉ። ዲሬክተሩ ጠርቶ ጠየቀኝ፤ የሆነውን ነገርሁት። ወደ ክፍሌ እንድመለስ ነገረኝ። ሴትዮዋ ዳግም ትምህርት ቤት አልመጡም። ያቺ የጠየቀቻቸው ልጅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየመጣች ከመደባቸው ላይ ትቀመጥ፣ ያቀረቡላትንም ትበላ ጀመር።