ማኅተም ያላረፈበት በሬ

ሥጋ ምርመራ የጀመርኩ ዕለት ቄራው ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ሥራ አቁመው አዩኝ። ከጂንካ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ስሟን ተዉት። ነጭ ጋውን፣ ለእግሬ የሚሰፋ ቦቲ ጫማ፣ አንድ ቢላዋና አንድ ክብ ማኅተም ተረክቤያለሁ። ያለኝ የእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ነው፤ ባለ ልኳንዳው ጋሼ ሳሙኤል ግን ገና ሲያዩኝ፣ «ዶክተሬ፣ በሬው ቢራገጥ የት ትገቢያለሽ?» ብለው አሳቁብኝ።

«ከእርስዎ ኋላ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ተግባባን።

ከብቱን በቁሙ አያለሁ። ከታረደ በኋላ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ ጣፊያውን እዳብሳለሁ። ጤነኛ ከሆነ ጭኑ ላይ ሰማያዊ ማኅተም አሳርፋለሁ። ማኅተም የሌለው ሥጋ አይሸጥም።

አንድ ጠዋት ጋሼ ሳሙኤል ጋውኔን ሳልለብስ መጡብኝ። ከዲመካ ገበያ ካመጧቸው በሬዎች አንዱ በረት ውስጥ ሞቶ አድሯል።

«ከአፍንጫው ደም ይፈሳል፤ ጥቁር ነው፣ አይረጋም። ቆዳውን ልገፈው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ» አሉ።

አባ ሰንጋ ነበር፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ። ዝም ብለው ቢቀብሩት ማን ያውቅባቸው ነበር? በደንቡ መሠረት በሬው ተቃጥሎ በኖራ ተቀበረ፤ አብረውት የነበሩት በሬዎች እንዳይታረዱ ታገዱ። ልኳንዳ ቤቱን ያሸግሁት እኔው ነኝ።

«የነገርኩሽ እኔ ነኝ እኮ!» አሉኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ለሕዝብ ደኅንነት ነው።»

«ለሕዝብ ከሆነ፣ ሕዝቡ ትንሽ አያግዘኝም?»

የካሳ ጥያቄ ጽፌ ለአለቃዬ አቀረብኩ። አንብቦ እንኳ አልጨረሰውም።

«መመሪያ የለም፣ በጀት የለም። በሽታውን መንግሥት አላመጣውም!»

«መንገዱ ሲሰፋ ለማንጎ ዛፍ ካሳ ተከፍሏል» አልኩት።

«እሱ ልማት ነው። ለዚህ ካሳ ካልን ሁሉም የሞተ በሬውን እየጎተተ ይመጣል። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።»

እውነቱን ለመናገር፣ የሚያጭበረብር አይጠፋም። ታዲያ እኔ መርማሪዋ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት? ተናደድኩ፣ ግን ደብዳቤውን መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

እሽጉ ሲነሳም ደንበኛ አልተመለሰም። «የሳሙኤል ሥጋ ሰው ይገድላል» ተባለ። ማቀዝቀዣውን ሸጡ፣ ቤቱን ለቀው ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ጓደኞቻቸው ደግሞ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ማን ተናገር አለህ?» እያሉ አቆሰሏቸው። እሳቸውም እኔን ዶክተሬ ማለታቸውን ተዉ።

ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ጤና ጣቢያ አስጠሩኝ። ጋሼ ሳሙኤል አልጋ ላይ ናቸው። ክንዳቸው አብጧል፤ የእጅ አንጓቸው ላይ መካከሉ የጠቆረ ቁስል አለ። ስላላመማቸው ንቀውት ዘግይተዋል። ቁስሉን ሳይ አባ ሰንጋ መሆኑ ገባኝ፤ የታመመ በሬ ጓሯቸው አርደው ሥጋውን እንደሸጡም አመኑልኝ።

«ጋሼ፣ ምነው? ለምን አልነገሩኝም?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፤ አንዴ።»

ሥጋውን የገዙትን ቤት ለቤት ስንፈልግ እሳቸው አረፉ። በጥሬው የበላች አንዲት የልጆች እናትም ተከተለቻቸው። ሁለቱንም ቀብሬያለሁ፤ የሴትዮዋ ባል ዓይኔን አላየኝም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ማኅተሙን ለተረከባችሁ መርማሪዎች የምለው አጭር ነው። በሽታውን መጀመሪያ የሚያየው ባለ በሬው ነው፤ መርማሪ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው። ተናግሮ ብቻውን የከሰረ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይናገርም። ካሳው ሥጋውን ለሚበላው ሰው ደኅንነት የሚከፈል ነው።

ያን ደብዳቤ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም።