ስም የሌለው ነጥብ

ጎረቤቴ አቶ ሰጠው በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጠዋት ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው ዳቦ ይገዙና አንድ ፎቅ ወርደው አክስታቸውን እማማ ደጊቱን ይጠይቃሉ። እማማ ደጊቱ የገዛ ልጃቸውን የስመኘውን ወሬ ይጠይቋቸዋል። እሳቸውም ለሥራ ካርቱም ከሄደ ወዲህ ወሬው አልተሰማም ይላሉ።

ስመኘው የሞተው ሱዳን፣ ወደዚህ አገር ሲመጡ ባረፉበት የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። የቀበሩትም አቶ ሰጠው ናቸው። ያኔ እናትየው ታመው ስለነበር መርዶው ይቆይ ተባለ፤ እንደቆየ ቀረ። ሕንፃችን በሙሉ ያውቃል።

ዘንድሮ የአቶ ሰጠው የልጅ ልጅ የኖጋ ክፍል ከመምህርታቸው ከሜይታል ጋር ሆኖ የጂኦግራፊ ትምህርቱን ራሱ አዘጋጀ። ልጆቹ የመረጡት ቤተሰቦቻቸው የመጡበትን መንገድ ነው። ከተማው የማን እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ እንጀምር አሉ። በመንገድ የሞቱት በቀይ ነጥብ ካርታው ላይ ገቡ፤ ከጎኑ ስማቸው። አቶ ሰጠው መንገዱንም የስመኘውንም ስም ነገሯቸው። ኋላ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ካርታውን ለማየት እንደሚጠሩ ሲሰሙ ግን ትምህርት ቤት ሄደው ስሙ ይነሳልኝ አሉ። ሜይታል ካርታው የልጆቹም ነው ብላ እነሱን ጠየቀች። አንዳንዶቹ ነጥቡም አብሮ ይጥፋ አሉ።

"ሰውየውማ ሞቷል" አለች ኖጋ። "ነጥቡ ይኑር፣ ስሙ ይውጣ።" በዚሁ ተስማሙ።

ካርታው በሚታይበት ዕለት እማማ ደጊቱ ክንዴን ይዘው መጡ። በጣታቸው ከነጥብ ወደ ነጥብ እየሄዱ ኖጋን ስሞቹን አስነበቧት። አንዱ ነጥብ ጎን ስም አልነበረም።

"ይኸስ?"

"ቤተሰቡ አይጻፍ ብሎ ነው፣ ሳቭታ" አለች፤ አያቴ ማለቷ ነው።

"ቤተሰቡ ማነው?"

ኖጋ ከኋላ ወደቆሙት አያቷ ወደ አቶ ሰጠው አየች። እማማ ደጊቱም አዩአቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው አውቶቡሱ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ አቶ ሰጠው ከሽማግሌዎች ጋር ለመርዶ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ የበረንዳው ነጭ ወንበሮች ተደርድረዋል። እማማ ደጊቱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

አቶ ሰጠው መርዶውን ሳይናገሩ ተቀመጡ። ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

"ልጅቷን" አሉ እማማ ደጊቱ፣ "ስሙን ትጻፈው በሏት።"