ያልነገረችኝ ስም

የበግ ፀጉር ባናውን ፀሐይ ላይ እንዳሰጣሁት ካፊያ መጣ። ሮጬ ሳነሳው በግ በግ ሸተተኝ፤ እህቴም በዚያው ሽታ መጣችብኝ።

ልጅ ሆነን አንኮበር፣ ሁለታችን በአንድ ባና ነበር የምንተኛው። የቀዘቀዘ እግሯን እግሬ ላይ ትለጥፍና ልጮህ ስል አፌን በመዳፏ ትይዘኛለች። መዳፏ የተቆላ ገብስ ይሸት ነበር።

ባናው ውስጥ ሁልጊዜ የምጠይቃት አንድ ነገር ነበረኝ፤ የክርስትና ስሟን። እሷ የእኔን ታውቀዋለች። የሷን ግን ለእኔ አልነገሩኝም። እናታችን "የክርስትና ስም ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለመንደር አይደለም፤ ክፉ ሰው ከሰማው መተት ይሠራበታል" ትል ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ ለፍላፊ ነበርኩ፤ ቤት የሰማሁትን ሁሉ ምንጭ ወርጄ የማራግፍ።

"ንገሪኝ።"

"ምን ትሰጪኛለሽ?"

"ቆሎዬን።"

ቆሎዬን በልታ ስታበቃ "ስታገቢ እነግርሻለሁ" አለችኝ። አገባሁ። "ስትወልጂ" አለችኝ። ወለድኩ። "እንግዲህ ስታረጂ ነው፤ ጥርስሽ ሲያልቅ አፍሽም ይሰበሰብ ይሆናል" ብላ ሳቀች።

ባሏ ሲሞትባት ደብረ ብርሃን እኔ ቤት መጣች። ልጆቼን አብራኝ አሳደገች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። ውሃ ስትጠጣ ዓይኗን እንደምትጨፍን፣ ከዳቦው ያረረውን ጠርዝ ፈልጋ እንደምትበላ፣ ሲቆጧት ሳይሆን ሲያመሰግኗት እንደምታለቅስ አውቃለሁ። ከኮቴዋ ብቻ ደኅና ማደር አለማደሯን እለይ ነበር። ስሟን መጠየቅ ግን ከተውኩ ቆይቼ ነበር። ጨዋታ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

በመጨረሻ ሕመሙ አንደበቷን ያዘው። እጇን ይዤ ስቀመጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ውሃ የፈለገች እየመሰለኝ በጥጥ አረጥብላታለሁ። ጎህ ሲቀድ አረፈች።

ቄሱ ለፍትሐት ሲዘጋጁ "ስመ ክርስትናዋ ማነው?" አሉኝ። "አላውቀውም አባቴ" አልኩ። እናታችን የለችም። የእህቴ የነፍስ አባትም ባለፈው ክረምት ቀድመዋት ሄደዋል። እግዚአብሔር እንደሚያውቃት አልጠፋኝም። ግን እህቴ በስሟ ሳትጠራ አፈር ልትገባ ነው፤ ይህን አልቻልኩም።

የቀሩት የክርስትና እናቷ ናቸው፤ አንኮበር የሚኖሩ፣ በጣም ያረጁ። እዚያው ያለው የአጎታችን ልጅ ስልኩን ይዞላቸው ሄደ።

"ማነሽ?"

"እኔ ነኝ እማማ፣ ታናሿ።"

"ለፍላፊዋ?"

"አዎ፣ ለፍላፊዋ።" መርዶውን ነገርኳቸው። ቀጭን ልቅሶ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቼ ስሟን ጠየቅሁ።

"በስልክ? ይሄ ልጅ አጠገቤ ተገትሮ እየሰማ?"

"እማማ፣ ሞታለች እኮ። ከእንግዲህ ማን ምን ያደርጋታል?"

"እናትሽ አደራ ብላኛለች፤ አደራ በሞት አይፈርስም። ለቄሱ በጆሮው እነግረዋለሁ። እስክደርስ እንዳትቀብሩብኝ!"

ጠበቅን። ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተጠጋግቶ ቆመ። ደመናው ከበደ። አንዱ ሽማግሌ "ዝናቡ ሳይደርስ ብንጨርስ፤ በአንዱ የማርያም ስም ቢጠሯትስ?" አሉ። ቄሱ እኔን አዩኝ። "ትንሽ ይታገሡን አባቴ" አልኩ።

በመጨረሻ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመ። አሮጊቷን የአጎታችን ልጅ ደግፎ አወረዳቸው። ማንንም ሳያዩ በከዘራቸው እየተመሩ ቄሱ ዘንድ ደረሱ፤ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለል አድርገው በቄሱ ጆሮ ሹክ አሉ። እኔን አላዩኝም፤ ቢያዩኝም አይነግሩኝም ነበር።

ፍትሐቱ ተጀመረ። ሴቶቹ ዋይታውን አነሱ። እኔ ልቅሶዬን ዋጥኩት፤ እስትንፋሴንም ጭምር። "ምነው ድንጋይ ሆነች?" ስትል አንዷን ሰማኋት። የምሰማው ቄሱን ነበር። ቄሱ በግዕዙ መካከል ስሟን ጠሩ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግመው። እዚህ አልጽፈውም። ያማረ ስም ነው። እህቴ እየተቀበረች "ተመስገን" አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት ስጸልይ መጀመሪያ የሕያዋንን ስም እጠራለሁ፣ ቀጥሎ የሙታንን። ያን ስም ከእናቴና ከአባቴ በኋላ እጠራዋለሁ። ቤት የምንጠራት ስም ግን እንደ ድሮው ከልጆቼ ስም ጋር ተያይዞ ይመጣብኛል፤ "ጤናዋን ስጣት" ብዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው መሞቷ ትዝ የሚለኝ። ቦታው እዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ላወጣው ሞክሬ አልወጣልኝም። ትቼዋለሁ።